ቪአር ለሥነ ሕንፃ ዲዛይን፦ ስለ እይታ ቅንብርና ስለ ፍጥነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕንፃው ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ስክሪን ላይ ያምራል። የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽሩን ሲያደርጉት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል፣ ሲብስም ሰው ያቅለሸልሻል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ከዚሁ ቅሬታ የሚነሱ ናቸው። ቅንብሮቹ ሞዴሉን ወደ ምስል በሚለውጡት በኤንስኬፕ፣ በትዊንሞሽንም ሆነ በሌላው ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መልሶቹ ለአንድ ሶፍትዌር ብቻ የተጻፉ አይደሉም።

ስክሪን ላይ እንደ ልብ የሚሄደው ሞዴል መነጽር ውስጥ ለምን ይጎተታል?

ሥራው ስለሚበዛበት ነው። የተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ ኮምፒውተሩ ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ከሳለ ማንም ቅር አይለውም። እንደ ሜታ ኩዌስት 3 ያለ መነጽር ግን ለአንድ ዓይን ብቻ 2064 በ2208 ፒክስል አለው። ለሁለቱ ዓይኖች ሲደመር 9 ሚሊዮን ይሻገራል፤ ያውም በሰከንድ 90 ጊዜ። ቢያባዙት ከስክሪኑ ሥራ ከ6 እጥፍ በላይ ይወጣል።

በዚህ አያበቃም። የመነጽሩ ሌንስ ምስሉን ስለሚያጣምመው ሶፍትዌሩ አስቀድሞ በተቃራኒው ማጣመም አለበት፤ ይህን ሲያደርግ መሃሉ እንዳይደበዝዝ ከስክሪኑ ፒክስል በላይ አድርጎ ይስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ኤችቲሲ ቫይቭ ስክሪኑ ለአንድ ዓይን 1080 በ1200 ሆኖ ሳለ ይሳልለት የነበረው ግን 1512 በ1680 ነበር። በቁመትም በወርድም 1.4 እጥፍ ነው፤ በጠቅላላ ፒክስል ሲታይ እጥፍ ያህል።

ደግሞ ስክሪን ላይ ካሜራውን የሚያዞረው ማውስ ስለሆነ ትንሽ ቢዘገይ ልብ አይሉትም። መነጽር ውስጥ ካሜራው የራስዎ ጭንቅላት ነው። ጭንቅላትዎ ዞሮ ምስሉ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ውስጠኛው ጆሮ የሚነግርዎትና ዓይን የሚያየው ይጋጫሉ። ማዞሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በሰከንድ ስንት ፍሬም (በየተራ የሚሳል ምስል) ይበቃኛል?

መነጽሩ የሚጠይቀውን ያህል፣ ሳይቆራረጥ። 72 ኸርዝ (በሰከንድ 72 ፍሬም) ላይ አንድ ፍሬም ለመሳል ያለው ጊዜ 13.9 ሚሊሰከንድ ነው፤ 90 ላይ 11.1፣ 120 ላይ 8.3። ኮምፒውተሩ በተሰጠው ጊዜ ካላደረሰ ሲስተሙ ሥራውን ወደ ግማሽ ያወርድና የጎደለውን ፍሬም ያለፈውን ምስል እየጎተተ ራሱ ይሞላዋል፤ 90 የነበረው 45 ይሆናል ማለት ነው። መነጽሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያሠራው ስቲምቪአር ይህን ዘዴ ሞሽን ስሙዚንግ፣ ሜታ ደግሞ ስፔስዋርፕ ይለዋል። ቁጥር ሳያዩም ይታወቃል፤ አጠገብዎ ያለ የደረጃ መደገፊያ ጠርዙ እንደ ውሃ ሲዋዥቅ ወይም ተደርቦ ሲታይ ሲስተሙ ፍሬም እየፈጠረ ነው።

እኔ ለሥነ ሕንፃ ሥራ ብዙ ጊዜ መነጽሩን ወደ 72 አወርደዋለሁ። ሰው ኳስ የሚያባርርበት ጨዋታ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ቆሞ ግድግዳ የሚያይበት ነው። በየፍሬሙ የተረፈው 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ጥላውን ሳልነካ እንድሄድ ይበቃኛል።

አማካይ ቁጥር እንዳያታልልዎት። ባዶ ኮሪደር ውስጥ 90 የሚያሳይ ሞዴል ወደ ግቢው ዛፎች በሚያሳየው ትልቅ መስኮት ፊት 40 ሊሆን ይችላል። መለካት ያለብዎት እዚያ ቆመው ነው።

ምስሉ ብዥ ይልብኛል። ሪዞሉሽኑን ልጨምር?

ገና ነው። ከሚያጋጥመኝ ብዥታ ውስጥ ብዙው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከአደራረጉ የሚመጣ ነው። ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በመሃሉ ነው፤ ዓይንዎ ከዚያ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የትኛውም ግራፊክስ ካርድ አያድንዎትም። መነጽሩን ፊትዎ ላይ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፤ ጽሑፍ ጥርት ሲል ያቁሙና የኋላውን ማሰሪያ ከጭንቅላትዎ ጀርባ በታች በኩል ያጥብቁት። ጉንጭዎን አፍኖ ግንባርዎ ጋ ክፍት ከሆነ ማሰሪያው ወደ ላይ ሸሽቷል።

ቀጥሎ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በአዋቂዎች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ሰው ከ54 እስከ 74 ባለው ውስጥ ይወድቃል። መነጽሩ ማስተካከያ ካለው ለእያንዳንዱ ተመልካች ይቀየር። አንድ ዓይን ጨፍነው ሲያዩ ጥርት ብሎ በሁለቱ ሲያዩ ከደበዘዘ ችግሩ እዚህ ነው።

ሌንሱን በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ አልኮል አይንካው። ፀሐይ ላይም አይተዉት፤ ሌንሱ እንደ ማጉያ ሆኖ ብርሃኑን ስለሚሰበስበው ውስጡ ያለውን ስክሪን ያቃጥለዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከደበዘዘ ያኔ ሪዞሉሽኑን ይጨምሩ። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ስቲምቪአር ላይ ያለው በመቶ የሚለካ ቁጥር የጠቅላላ ፒክስል እንጂ የጎን አይደለም፤ 200 በመቶ ማለት በየጎኑ 1.41 እጥፍ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ 2 የሚለው ቁጥር የጎን ሊሆንና ፒክስሉን 4 እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛው፣ የመነጽሩ ሲስተምና የዲዛይኑ ሶፍትዌር የየራሳቸው ማብዣ ካላቸው ይባዛሉ። እዚህ 1.5፣ እዚያም 1.5 ካደረጉ 2.25 ከፍለዋል። አንዱን 1 ላይ ትተው በሌላው ብቻ ይሥሩ።

የእይታ ስፋቱን እንደ ስክሪኑ ካሜራ ላሰፋው እችላለሁ?

አይችሉም፤ ባይችሉም ይሻላል። ለፎቶ የሚሆን ሬንደር (ኮምፒውተር ከሞዴሉ የሚስለው ምስል) ላይ ሰፊ ሌንስ ተጠቅሞ ትንሽ ሳሎን አዳራሽ ማስመሰል የቆየ የሙያው ልማድ ነው። መነጽር ውስጥ ግን ስፋቱን የሚወስነው የሌንሱ አሠራር ነው። ምስሉ የተሳለበት አንግል ሌንሱ ከሚያሳየው አንግል ጋር ካልገጠመ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ግድግዳው ይጎብጣል። ኩዌስት 3 ወደ ጎን 110 ዲግሪ ገደማ ያሳያል፤ በሁለት ዓይን የሚያይ ሰው ደግሞ 200 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ደንበኛዎ ክፍሉን የሚያየው በዋናተኛ መነጽር እንደሚያይ ሰው ነው። «ዓይንዎን ሳይሆን አንገትዎን ያዙሩ» ብሎ ማስታወስ ይጠቅማል።

ክፍሉ ከእውነተኛው ልኩ ያነሰ ወይም የበዛ ይመስላል። ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ነው። ቪአር ለአርክቴክት የሚጠቅመው ልክን በሰውነት ለመመዘን ስለሆነ፣ ልኩ ከተበላሸ ቆንጆ አሻንጉሊት ብቻ ነው የሚቀረው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል የፍሬድ ብሩክስ ቡድን ሲተርሰን ሆል የተባለውን ሕንፃ ገና ሳይሠራ በኮምፒውተር ሞዴል ተዘዋውሮበት ነበር። ሎቢው ውስጥ ያለ አንድ ክፍልፋይ ግድግዳ ቦታውን እንደሚያጣብብ የታየው በዚያ ዙረት ነው፤ አርክቴክቶቹም ቦታውን ቀየሩት። በፕላን ወረቀት ላይ ያ ግድግዳ ማንንም አላስቸገረም ነበር።

ልኩን የሚያዛቡት የተለመዱት አራት ናቸው። የመጀመሪያው የመለኪያ አሃድ ነው፤ በኢንች የተሠራ ፋይል በሚሊ ሜትር ከተነበበ 25.4 እጥፍ ያንሳል። ይህ ግልጽ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። በፊት የተቀነሰ ወይም የተለጠጠ አንድ ብሎክ ብቻ 10 በመቶ ሲሳሳት ግን ማንም ሳያየው ስብሰባው ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው የወለል ከፍታ ነው። መነጽሩ የእውነተኛውን ክፍል ወለል ከተሳሳተ ተመልካቹ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ይመስለውና «ቤቱ ያፍናል» ይልዎታል። ኮንትሮለሩን (የእጅ መቆጣጠሪያውን) መሬት ላይ አስቀምጠው መነጽር ውስጥ ሲያዩት የሞዴሉ ወለል ላይ ማረፍ አለበት። መሬት ውስጥ ከሰጠመ ወይም አየር ላይ ከቀረ ወለሉን እንደገና ያስለኩ።

ሦስተኛው ተቀምጦ ማየት ነው። የተቀመጠ ሰው የዓይን ከፍታ ከ1.1 እስከ 1.2 ሜትር ገደማ ነው፤ የቆመ ሰው ከ1.5 እስከ 1.7። ሶፍትዌሩ ተቀምጠው ለሚያዩ የሚሆን ሁነታ ከሌለው ደንበኛው ወንበር ላይ ሆኖ የወጥ ቤት ጠረጴዛ አገጩ ድረስ ሲመጣበት ያያል።

አራተኛው የዓይን ርቀት ነው፤ ከላይ ለጥራት ያነሳሁት ለልክም ይሠራል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ካሜራዎች ከእርስዎ ዓይኖች ይልቅ አራርቆ ካስቀመጣቸው ዓለሙ እንደ ማኬት ያንሳል።

ለመፈተሽ የማላጣት ዘዴ አለችኝ። ሞዴሉ ውስጥ እኔ የምሠራበትን ጠረጴዛ በትክክለኛ ልኩ አስቀምጥና ከእውነተኛው ጋር አገጥመዋለሁ። ከዚያ እጄን ስዘረጋ ያየሁትን ጠርዝ መንካት አለብኝ። ሁሉም ተስተካክሎም ቢሆን ሰዎች መነጽር ውስጥ ርቀትን አሳንሰው እንደሚገምቱ በብዙ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ «8 ሜትር ነው? 6 ነው የመሰለኝ» የሚል ደንበኛ ሲያጋጥም ሞዴሉን ለማስፋት አይቸኩሉ።

ደንበኛዬ አቅለሸለሸው። ምን ላጥፋ?

መጀመሪያ በኮንትሮለር የሚደረገውን ተንሳፋፊ ጉዞ ያጥፉ። ቴሌፖርት ያብሩ፤ ነጥብ ጠቁሞ እዚያ መገኘት። መዞሪያውንም በአንዴ 30 ወይም 45 ዲግሪ እንዲዘል ያድርጉት። የግድ መንሸራተት ካለበት ጠርዙን የሚያጨልመውን መከላከያ ይተዉለት፤ ዓይን እንቅስቃሴን አብዝቶ የሚይዘው በዳር በኩል ስለሆነ ይረዳል።

ከሁሉም በላይ ግን የሌላ ሰው ካሜራ አይንኩ። አንድ ጊዜ ደንበኛው ቴሌፖርት ማድረግ ሲያቅተው «ልርዳዎት» ብዬ ኮንትሮለሩን ተቀብዬ ክብ ደረጃውን አወረድኩት። ሁለተኛው ፎቅ ሳንደርስ መነጽሩን አውልቆ ግድግዳ ይዞ ቆመ። የቀረውን በስክሪን ነው ያሳየሁት፤ ደረጃውም ጥሩ ሆኖ ሳለ ያለ ጥፋቱ ተቀየረ።

ለጀማሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከከፍታ አይጀምሩ፤ በረንዳና ክፍት አትሪየም መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ጭንቅላት ከዞረበት ቅጽበት ምስሉ እስኪቀየር ያለው መዘግየት ወደ 20 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ስለዚህ ፍጥነትን መጠበቅ ራሱ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው።

ፍጥነት ሲያንሰኝ ከቅንብሮቹ የትኛውን አስቀድሜ ልቀንስ?

ቀድመው የሚጠፉት ቢያምሩም መነጽር ውስጥ ቦታ የሌላቸው ናቸው፦ ሞሽን ብለር፣ የካሜራ ፎከስ ብዥታ፣ የሌንስ ነጸብራቅ፣ የፊልም ቅንጣት። እነዚህ ካሜራን ያስመስላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ዓይን ነው የሚፈልጉት። ፍጥነት ቢተርፍዎትም ይጥፉ።

ቀጥሎ ነጸብራቅ። ብዙ ሶፍትዌር በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ የሚያሳየውን ነጸብራቅ የሚወስደው ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ምስል ነው። ግራና ቀኝ ዓይን የተለያየ ምስል ስላላቸው ነጸብራቁም በሁለቱ አይገጥምም፤ አንጎል የእብነ በረዱን ወለል ለማስታረቅ ሲታገል ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ይህን መቀነስ ፍጥነትም እረፍትም ይሰጣል። በምትኩ አስቀድሞ የተቀረጸ ቀለል ያለ ነጸብራቅ ይበቃል።

ከዚያ ጥላ ይመጣል። ጥላን ጨርሶ አያጥፉ፤ የሩቁን ጥላ ርቀት ይቁረጡ፣ ጥራቱን አንድ ደረጃ ያውርዱ። ጥላ ከሌለ ወንበሩ ወለሉ ላይ መቀመጡ አይታወቅም፤ የልክ ስሜትም አብሮ ይሄዳል። ጥላ የሚጥሉ መብራቶችን ብዛት ግን ያለ ርኅራኄ ይቀንሱ። ኮርኒስ ላይ ከተደረደሩት 40 መብራቶች ጥላ የሚያስፈልጋቸው ምናልባት ሦስቱ ናቸው።

ብርሃኑ የማይቀየር ከሆነ አስቀድሞ አስልቶ በግድግዳው ላይ ማተም፣ ባለሙያዎቹ «ቤክ ማድረግ» የሚሉት፣ ትልቁን ጫና ያነሳል። ዕዳው የፀሐይን ሰዓት በስብሰባ ላይ መቀያየር አለመቻል ነው።

የማይነካው የጠርዝ ማለስለሻ ነው። ያለ እሱ የመስኮት ፍሬምና የመደገፊያ ዘንግ ሁሉ ይንቦገቦጋል። ኤምኤስኤኤ የሚባለው ዓይነት ካለ እሱን ይምረጡ፤ ካለፉት ፍሬሞች የሚሰበስበው ቲኤኤ ለስላሳ ቢሆንም መነጽር ውስጥ ያደበዝዛል። በኤንስኬፕ እንዳለው ድራፍት፣ ሚዲየም፣ ሃይ፣ አልትራ በሚል በደረጃ የሚሠራ ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ከሚዲየም ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ እንጂ ከአልትራ ወደ ታች አይውረዱ። ከላይ የጀመረ ሰው አልትራውን መተው ያሳዝነዋል።

ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ይሁን ፕሮሰሰሩ በምን እለያለሁ?

ሪዞሉሽኑን በግማሽ ቀንሰው አንድ ቦታ ቆመው ያወዳድሩ። ፍጥነቱ ከጨመረ የታፈነው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የላይኛው መልስ ይጠቅምዎታል። ምንም ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩ የዕቃዎችን ዝርዝር ለካርዱ እየነገረ ማለቅ አቅቶታል፤ ጥላና ነጸብራቅ ላይ ጊዜ አያጥፉ፣ ወደ ሞዴሉ ይሂዱ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ጥሩ እየሄደ ድንገት ለአፍታ የሚደርቅ። እሱ ብዙ ጊዜ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ነው።

ሞዴሉን ከየት ጀምሬ ላቅልል?

ከማይታየው። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከኮርኒስ በላይ ያለ ሁሉ፣ የግድግዳ ውስጥ ብረት፣ ማንም የማይገባበት ጎረቤት ሕንፃ። በሬቪት (የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር) ለዚህ ብቻ የሚሆን የ3ዲ ቪው ከፍተው የማይፈለገውን ምድብ ደብቀው፣ በሴክሽን ቦክስ (ሞዴሉን በሳጥን ከልሎ በሚቆርጠው) ቆርጠው ያስቀምጡ፤ ኤንስኬፕ የሚስለው በመረጡት ቪው የሚታየውን ነው። ዋናው ፋይል አይነካም። በስኬችአፕ ደግሞ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ሁሉ የሚያጸዳውን ፐርጅ ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ከድረ ገጽ የወረዱ ዕቃዎች። የአምራች ፋይል ለፋብሪካ እንጂ ለእይታ አይሠራም፤ ብሎኑ ሳይቀር ጥርሱ ተቀርጿል። አንድ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ከሕንፃው ግድግዳዎች ሁሉ የበለጠ ፖሊጎን (ቅርጹ የሚገነባበት ትንሽ ጠፍጣፋ ገጽ) ይዞ አግኝቼው አውቃለሁ፤ ያ ቧንቧ በ24 መታጠቢያ ቤቶች ውስጥ ነበር። ተመሳሳይ ዕቃ ሲደጋገም ኮፒ ሳይሆን ኮምፖነንት ወይም ብሎክ ይሁን፤ ሶፍትዌሩ አንዱን ይዞ ደጋግሞ ይስለዋል።

ቴክስቸር፣ ማለትም በዕቃው ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል፣ ሌላው በላተኛ ነው። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ምስል ሳይጨመቅ በካርዱ ሜሞሪ ላይ 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ በፋይልነቱ 3 ሜጋባይት መሆኑ አያጽናናም። 2048 ካደረጉት 16፣ 1024 ካደረጉት 4 ይሆናል። ሰው ተጠግቶ የሚያየው የበር እንጨትና የወለል ንጣፍ ትልቁን ይያዙ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ 1024 ይበዛበታል።

ዛፍ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ስክሪን ላይ የሚያታልለው ጠፍጣፋ የዛፍ ፎቶ በሁለት ዓይን ሲታይ የተቆረጠ ካርቶን ነው። ባለ ሙሉ ቅጠሉ ዛፍ ደግሞ ከጀርባቸው ያለውን የሚያሳዩ ቅጠሎች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደራረቡ ካርዱን ያንገዳግዳል። መስኮት አጠገብ ሁለት ሦስት ጥሩ ዛፍ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀለል ያሉ፣ ከሩቅ ጠፍጣፋዎቹ። ሳርን ቅጠል በቅጠል መሳል ለቪዲዮ ይቆይ።

በተቃራኒው ሻካራነትን በፎቶ ማስመሰል መነጽር ውስጥ አይሳካም። የድንጋይ ግድግዳ ጎርባጣው በምስል ብቻ ከተሰጠ ሰው ሲጠጋ ግድግዳ ወረቀት መሆኑን ያያል። መግቢያው ላይ ያለችዋን አንዲት የድንጋይ ግድግዳ በእውነተኛ ቅርጽ ይሥሯት፤ ከሌላው ያተረፉትን ፖሊጎን እዚህ ያውሉት።

ስጠጋ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነቱ ግን ጥሩ ነው። ምንድን ነው?

ሞዴልዎ ከዜሮ ነጥቡ በጣም ርቆ ተሠርቷል። ግራፊክስ ካርድ ቦታን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ 7 አሃዝ ገደማ ብቻ በትክክል ይይዛል። ከቅያስ የመጣ ፋይል በዩቲኤም (የካርታ መገኛ) ኮኦርዲኔት ሲቀመጥ ሕንፃው ከዜሮ 500,000 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። እዚያ ርቀት ላይ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው።

መፍትሔው ሕንፃውን ወደ ዜሮ ማምጣት ነው። በሬቪት ሞዴሉን በውስጣዊ መነሻው አጠገብ ይሥሩና የቅያሱን ቦታ በሼርድ ኮኦርዲኔት ያስይዙት። እዚያው ፋይል ውስጥ ርቆ የተረሳ አንድ መስመር ወይም የካድ ስዕል መኖሩንም ይፈትሹ፤ አንዳንድ ሶፍትዌር መሃሉን የሚያሰላው ያንንም ቆጥሮ ነው።

ሁለት ቀለሞች አንድ ግድግዳ ላይ ይጣላሉ፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ሁለት ገጾች በአንድ ቦታ ተደርበዋል። አንዱን ያጥፉ፣ ካልሆነም በጥቂት ሚሊ ሜትር ያራርቁ። ይህ የሚታየው ከሩቅ ብቻ ከሆነ የካሜራው የቅርብ መቁረጫ ርቀት (ከዚያ የቀረበ ነገር የማይሳልበት) በጣም አንሷል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ሲያሳድጉት ይረጋጋል።

ነጩ ግድግዳ ብርሃን ውጦት ይጠፋል፤ ኮሪደሩ ደግሞ ጨለማ ነው።

አውቶማቲክ ኤክስፖዠር፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን በራሱ የሚያስተካክለው ቅንብር፣ ነው። ሰው ከመስኮት ወደ ክፍሉ ጥግ በዞረ ቁጥር ክፍሉ ይበራል ይጠፋል፤ የቀለም ምርጫ ላይ ለመነጋገር ፈጽሞ አይሆንም። ያጥፉትና በዋናው ክፍል መሃል ቆመው በእጅ ያስተካክሉት፤ የግድግዳውን ነጭም ፍጹም ነጭ አያድርጉት። እውነተኛ ነጭ ቀለም ከሚወድቅበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን እንጂ ሁሉንም አይመልስም።

በኬብል ይሻላል ወይስ በዋይፋይ?

ኬብል አስተማማኝ ነው፤ ዩኤስቢ 3 ይሁን፣ ስልክ የሚሞላው ገመድ አይደለም። በዋይፋይ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ይገናኝ፤ ሽቦ አልባ የሚሆነው መነጽሩ ብቻ ነው። ራውተሩ እዚያው ክፍል፣ 5 ወይም 6 ጊጋኸርዝ ላይ። በሁለቱም መንገድ ምስሉ ተጨምቆ ስለሚላክ ቅጠልና ጠጠር ላይ የሚታየው ድብዝዝታ ከሬንደሩ ላይሆን ይችላል።

ላፕቶፔ ጥሩ ካርድ አለው፤ ግን ያዘግማል።

ከኃይል መሙያው ጋር ይሰካ። ባትሪ ላይ ካርዱ አቅሙን ይቆጥባል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣውን ደካማ ግራፊክስ ሳይሆን ዋናውን እንዲጠቀም በዊንዶውስ የግራፊክስ ቅንብር ላይ ይምረጡለት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ብቻ ካዘገመ ሙቀት ነው።

ኮምፒውተር ሳልይዝ ደንበኛው ቢሮ ላሳይ?

ባለ 360 ዲግሪ ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ብቻውን የሚሠራ መነጽር ውስጥ ያለው የስልክ ዓይነት ቺፕ ስለሆነ ሙሉውን ሞዴል ያስጨንቀዋል፤ ለፎቶ ግን ምንም አይለውም። ስፋቱ 4096 ፒክስል ከሆነ ለአንድ ዲግሪ 11 ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ ብዥ ይላል። 8192 ካደረጉት ወደ 23 ይጠጋል፤ ኩዌስት 3 የሚያሳየው 25 ገደማ ስለሆነ ያ ይበቃል። ለግራና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ የተሠራውን ይምረጡ። ሰውየው ከቆመበት መራመድ አይችልም፤ ዙሪያውን ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን እርስዎ ይምረጡ፤ ካሜራውን የክፍሉ መሃል ላይ ሳይሆን ሰው በእውነት በሚቆምበት፣ በበሩ መግቢያ ወይም በምድጃው ፊት ያቁሙት።

ድራይቨሩንና ሶፍትዌሩን መቼ ላዘምን?

ከስብሰባው ማግስት። ሲያዘምኑም የቀደመውን ማስጫኛ ፋይል አይደምስሱ።